የልጅነት ቴሌቪዥን ናፍቆት ምንድን ነው?

ደሴ ያደገ ሰው ይቺን ያውቃታል። አንዱ ቆርቆሮ ላይ ወጥቶ አንቴናውን ይዟል፣ አንዱ በር ላይ ቆሞ ወሬ ያቀብላል፣ እኛ ደግሞ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተጠጋግተን ቁጭ ብለናል። «አሁንስ?» «ኧረ ጭራሽ ጠፋ!» «ወደ ጦሳ ተራራ አዙረው! ትንሽ መልሰው… በቃ በቃ፣ እንዳትነካው!»

ቴሌቪዥኑ የእኛ አልነበረም። የሰፈሩ ቴሌቪዥን እትዬ ቤት ነው ያለው፣ ዳንቴል ለብሶ። ዳንቴሉን የሚገልጡት እሳቸው ብቻ ናቸው፣ እሱም እግራችንን መታጠባችንን አይተው ነው። መብራት ሲሄድ ሰፈሩ ባንዴ «ውይ!» ይላል፣ ሲመጣ ደግሞ ከላይ ሰፈር እስከ ታች ሰፈር ይጮሃል።

እንግዲህ ዛሬ እነዚያን ፕሮግራሞች ዩቲዩብ ላይ ፈልጌ ሳገኛቸው አምስት ደቂቃ እንኳን አልቆይባቸውም። ግን የመግቢያው ሙዚቃ ሲጀምር ሆዴ ይባባል። ይሄ ነገር ምንድን ነው?

ፈረንጆቹ ኖስታልጂያ ይሉታል። ቃሉን በ1688 እ.ኤ.አ. የፈጠረው ዮሃንስ ሆፈር የሚባል የስዊዘርላንድ የሕክምና ተማሪ ነው፣ ወደ ቤት መመለስና ሕመም የሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላትን አጋጥሞ። ከአገራቸው ርቀው በናፍቆት የሚማቅቁ ሰዎችን አይቶ በሽታ ነው ብሎ ነበር። ለወሎ ሰው ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። ከ4ቱ ዋና ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸው የእኛው አገር ስም ነው፣ ሦስተኛው ደግሞ ራሱ ትዝታ ነው። ሆፈር በሽታ ያለውን እኛ በማሲንቆ ስናዜመው ኖረናል።

ታዲያ የሚናፍቀን ፕሮግራሙ ነው? እኔ አይመስለኝም። የሚናፍቀን ቤቱ ነው። የቡናው ጭስ፣ ጭኔ ላይ ተኝታ የምታንኮራፋው የጎረቤት ሕፃን፣ ከኋላ «አንገትህን ዝቅ አድርግ!» የሚለኝ ልጅ። ሙዚቃው ሲመጣ ያ ሁሉ ተግተልትሎ ይመጣል። ለዚህ ነው ብቻዬን ስልክ ላይ ሳየው ቶሎ የሚሰለቸኝ፣ ከእህቴ ጋር ሳየው ግን ሌሊቱ የሚነጋብን።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ የሰው ፍቅር። ዶናልድ ሆርተንና ሪቻርድ ዎል የሚባሉ ምሁራን በ1956 እ.ኤ.አ. ተመልካች በስክሪን ብቻ የሚያውቀውን ሰው እንደ ቅርብ ወዳጁ እንደሚያየው ጽፈዋል። እኛ ይሄን የምናውቀው በአባባ ተስፋዬ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ከጀመረ በኋላ ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ነግረዋል። «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» ሲሉን ለስክሪኑ ድምፃችንን ከፍ አድርገን እንመልስ ነበር። ሐምሌ 2009 ላይ ሲያርፉ በአካል አይቷቸው የማያውቅ ስንቱ ጎልማሳ እንደ አያቱ አለቀሰላቸው! ተረቱ መጨረሻ ላይ የነገሩንን ምክርም ዛሬ ለልጆቻችን ስንደግመው ራሳችንን እናገኘዋለን። ታናናሾቻችን ደግሞ ቀጭኔዋን ፀሐይን በዚህ ዓይን ነው የሚያስታውሷት።

እዚህ ላይ ግን ልብ የሚያሳዝን ጎን አለው። ቴሌቪዥን ናፍቆት ብቻ አይደለም የሚተክለው፣ ዓለምን የምናይበትን ዓይንም ጭምር ነው። ጆርጅ ገርብነር የሚባል ተመራማሪ ቴሌቪዥን አብዝቶ የሚያይ ሰው ዓለምን ከሆነችው በላይ አስፈሪ አድርጎ ይገምታል ብሎ ተከራክሯል። ወሎ ደግሞ በዚህ ነገር ተመልካች ብቻ አልነበረችም፣ ታይታለች። መስከረም 1977 አዲስ አበባ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በሰልፍና በድግስ አከበረች። በወሩ፣ ጥቅምት 13፣ የቢቢሲው ማይክል ቡርክና የካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ከኮረም ያመጡት የረሃብ ዘገባ እንግሊዝ ውስጥ ታየ፣ ከዚያ ዓለምን ሁሉ አዳረሰ። እውነት ነበር፣ ብዙ ሰውም አተረፈ። ግን ያን ማታ ሶፋ ላይ ከእናቱ ጎን ተቀምጦ ያየ ልጅ አድጎም ወሎን የሚያውቃት በዚያች ማታ ብቻ ነው።

የአጎቴ ልጅ እንግሊዝ ነው የሚሠራው። አንድ ቀን ጠና ያለ የሥራ ባልደረባው የት ተወለድክ ሲለው «ወሎ» አለው፣ ሰውየው ስሙን አላወቀውም። «ኮረም አካባቢ» ሲለው ፊቱ ተለወጠ። «ልጅ ሆኜ አይቻለሁ» ብሎ ዝም አለ። የአጎቴ ልጅም ዝም አለ፣ ምን ይበለው? በኋላ ስልኩን አወጣና ከቆቦ የተላከለትን ፎቶ አሳየው፣ እናቱ ከቲማቲም ማሳቸው መሀል ቆመው። ሰውየው ስልኩን ተቀብሎ ፎቶውን በጣቱ አጎላው። ሴትየዋን ሳይሆን ቲማቲሙን ነው ሲያይ የቆየው።