በራስ ኮምፒውተር የሚሠራ የካሜራ መቅጃ ሶፍትዌር ምንድን ነው?

ጅማ ውስጥ የቡና መጋዘን፣ ፋርማሲ ወይም ሆቴል ያለው ሰው የደኅንነት ካሜራ ሲያስገጥም አብዛኛውን ጊዜ ዲቪአር ወይም ኤንቪአር የሚባለውን መቅጃ ሳጥን አብሮ ይገዛል። መቅጃ ሶፍትዌር የዚህን ሳጥን ሥራ በተራ ኮምፒውተር ላይ የሚያከናውን ፕሮግራም ነው። ካሜራዎቹ የሚልኩትን ምስል በኔትወርክ ይቀበላል፣ በሃርድ ዲስክ ላይ በቀንና በሰዓት ለይቶ ያስቀምጣል፣ ዲስኩ ሲሞላ አሮጌውን እየሰረዘ ለአዲሱ ቦታ ያስለቅቃል፣ ባለቤቱም የፈለገውን ሰዓት መልሶ እንዲያይ ያስችላል። ቀረጻው ከግቢ ስለማይወጣ ወርኃዊ የክላውድ (ቀረጻን በኢንተርኔት ላይ የማስቀመጥ) ክፍያ የለበትም፤ ኢንተርኔት ቢቋረጥም መቅዳቱ ይቀጥላል። ከታወቁት መካከል ዞንማይንደርና ፍሪጌት በሊኑክስ ላይ የሚሠሩ፣ ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት የሆነ ፕሮግራሞች ሲሆኑ፣ ብሉ አይሪስ ደግሞ በዊንዶውስ ላይ የሚሠራና በክፍያ የሚገኝ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው፣ በስክሪን ላይ የቀጥታ ምስል መታየቱ ቀረጻ እየተካሄደ ለመሆኑ ማስረጃ አለመሆኑ ነው። ሁለቱ በተለያየ መንገድ የሚሄዱ ሥራዎች ናቸው። አብዛኞቹ የአይፒ ካሜራዎች፣ ማለትም በኔትወርክ የሚሠሩት፣ በአንድ ጊዜ ሁለት ስትሪም (የማያቋርጥ የምስል ፍሰት) ይልካሉ፤ ዋናው ጥራቱ ከፍ ያለ ሲሆን ንዑሱ ግን አነስተኛና ቀላል ነው። በአግባቡ የተዋቀረ ሶፍትዌር ዋናውን ስትሪም ሳይነካካ እንደመጣ ወደ ዲስክ ይገለብጠዋል፣ ንዑሱን ደግሞ ለቀጥታ እይታና ሰው ወይም መኪና መግባቱን ለመለየት ይጠቀምበታል። ስለዚህ ዋናው ስትሪም ተቋርጦ ምንም ሳይቀዳ እየቀረ፣ ንዑሱ በስክሪኑ ላይ ያለ ችግር ሊታይ ይችላል። እዚህ ላይ የሚፈጠር መምታታት በእኔ እምነት የብዙ ብልሽቶች ሥር ነው። ኮምፒውተሩ ሲጨናነቅና ሲግልም በመጀመሪያ መታየት ያለበት ይኸው ነው፤ የመለየቱን ሥራ በስህተት በዋናው ስትሪም ላይ ያደረገ ሰው፣ ፍሪጌት በሴኮንድ 5 ምስል ብቻ እያየ ሊሠራው የሚችለውን ሥራ በብዙ እጥፍ አክብዶታል።

ካሜራውና ሶፍትዌሩ የሚነጋገሩበት ስምምነት አርቲኤስፒ ይባላል፤ የተለመደው የበር (ፖርት) ቁጥሩም 554 ነው። ከዚህ ጋር አብሮ የሚሰማው ኦንቪፍ በ2008 እ.ኤ.አ. በአክሲስ፣ በቦሽና በሶኒ የተመሠረተ ሲሆን፣ የተለያዩ አምራቾች ካሜራና መቅጃ እንዲግባቡ የሚያደርግ መመዘኛ ነው። ካሜራ ሲገዛ እነዚህን ሁለቱን መደገፉን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በስልክ መተግበሪያ ብቻ የሚሠሩ አንዳንድ ርካሽ ካሜራዎች ሁለቱም የላቸውምና። አሮጌ የአናሎግ ካሜራዎች ያሉት ሰው ግን መጣል አይገባውም፤ የተያያዙበት ዲቪአር የኔትወርክ መሰኪያ ካለውና አርቲኤስፒ ከደገፈ የእያንዳንዱን ካሜራ ምስል ከዲቪአሩ መሳብ ይቻላል።

የዲስኩ መጠን በግምት ሳይሆን በሒሳብ መወሰን አለበት። በሴኮንድ 4 ሜጋቢት የሚልክ አንድ ካሜራ በቀን 43 ጊጋባይት ያህል ይወስዳል፤ አራት ካሜራዎች 173 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳሉ ማለት ነው። ባለ 2 ቴራባይት ዲስክ ከ11 ቀን ብዙም አያልፍም። የቡና መጋዘን ባለቤት ጆንያ መጉደሉን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ቆጠራ ሲደረግ በመሆኑ፣ ቆጠራው በወር አንድ ጊዜ ከሆነ 11 ቀን ምንም አይረባውም። ካሜራው ምስሉን የሚያምቅበትን ዘዴ ከኤች.264 ወደ ኤች.265 መለወጥ ለተመሳሳይ ጥራት የሚያስፈልገውን ቦታ ወደ ግማሽ ገደማ ሊቀንሰው ይችላል፤ 4 ቴራባይት ዲስክ ከተጨመረበት ከወር በላይ ይቆያል። የኤች.265 ጉዳቱ በአንዳንድ ብራውዘሮች አለመከፈቱ ነው። ቀረጻው በዲስኩ ላይ እያለ ብራውዘሩ ጥቁር ስክሪን ብቻ ካሳየ፣ ፋይሉን ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም ከፍቶ ማየት ጥርጣሬውን ያጠራል።

ሲተከል ለእያንዳንዱ ካሜራ የማይለወጥ አይፒ አድራሻ (በኔትወርክ ላይ የሚታወቅበት ቁጥር) መስጠት ግድ ነው። ይህ ካልተደረገ መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ አድራሻዎቹን ሊያቀያይራቸው ስለሚችል፣ የበሩ ካሜራ በመጋዘኑ ስም ይቀዳል ወይም ጭራሽ አይገኝም። ቀጥሎ የካሜራው የአርቲኤስፒ አድራሻ ወደ ሶፍትዌሩ ከመግባቱ በፊት በቪኤልሲ ይሞከራል። አድራሻው የተጠቃሚ ስም፣ የይለፍ ቃል፣ አይፒ፣ የበር ቁጥርና በመጨረሻ እንደ አምራቹ የሚለያይ መንገድ አለው፤ ለምሳሌ በሂክቪዥን ካሜራዎች የመጀመሪያው ካሜራ ዋና ስትሪም በ101፣ ንዑሱ በ102 ይጠራል። በቪኤልሲ ካልታየ ጥፋቱ የሶፍትዌሩ አይደለም። ብዙ ሰው የሚያደክመው ደግሞ በይለፍ ቃል ውስጥ ያለ የ@ ምልክት ነው፦ አድራሻው ውስጥ ይህ ምልክት የይለፍ ቃሉ ማብቂያ ተደርጎ ስለሚነበብ፣ በቦታው %40 ተብሎ መጻፍ አለበት።

የስህተት መልእክቶቹን ማንበብ መለማመድ ብዙ ድካም ያስቀራል። 401 የሚል ቁጥር የስም ወይም የይለፍ ቃል ችግር ሲሆን፣ መልስ ሳይመጣ ጊዜ ማለቁ ግን ወደ ኬብሉ፣ የኔትወርክ ኬብሎቹ ወደሚሰበሰቡበት ስዊች ወይም ወደ ተለወጠ አድራሻ ያመለክታል። ምስሉ ወደ ግራጫ እየተለወጠ የሚንጠባጠብ ከመሰለ በመንገድ ላይ የጠፋ ዳታ አለ፤ ግንኙነቱን ከዩዲፒ፣ የጠፋ ዳታን መልሶ ወደሚልከው ቲሲፒ መለወጥ አብዛኛውን ጊዜ ይፈታዋል፣ በዋይፋይ የተያያዘውን ካሜራ በኬብል መተካት ደግሞ ከዚያም ይሻላል። የኔትወርክ ኬብል ከ100 ሜትር መብለጥ እንደሌለበትም ሰፊ የቡና ማድረቂያ ግቢ ያላቸው ሰዎች ማስታወስ አለባቸው። በጅማ ክረምት ዝናቡ ስለሚበረታ ከካሜራው ጀርባ ያለው የኬብል መጋጠሚያ ውሃ በማያስገባ ሣጥን ካልተሸፈነ ይዝጋል፤ ካሜራውም ቀን ሠርቶ ማታ፣ የሌሊት መብራቱ ተጨማሪ ኃይል ሲስብ፣ ይጠፋል። በሌሊት መብራቱ ፊት ድር ያደራ ሸረሪት ደግሞ እንቅስቃሴ ብቻ የሚያይ መቅጃን ሌሊቱን ሙሉ በከንቱ ያስጮኸዋል፤ ሰውን ለይቶ የሚያውቅ ፕሮግራም የሚመረጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የመብራት መቆራረጥ ለብቻው መታሰብ አለበት። ኮምፒውተሩና ስዊቹ በዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያሠራ መሣሪያ) ላይ ይሁኑ፤ ኮምፒውተሩ ሲነሣ በሚከፈተው ባዮስ በሚባለው መሠረታዊ ማስተካከያ ውስጥም መብራት ሲመለስ በራሱ እንዲነሣ የሚያዘው ምርጫ ይብራ። ከዚህ የከፋ ግን ብዙም የማይታይ ወጥመድ አለ። ኮምፒውተሩ ሲነሣ የቀረጻ ዲስኩ ሳይያያዝ ቢቀር፣ ሶፍትዌሩ ዲስኩ ሊያያዝበት የነበረውን ባዶ ፎልደር አይቶ ዝም ብሎ በሲስተሙ ዲስክ ላይ መቅዳት ይጀምራል። ሲስተሙ 128 ጊጋባይት ከሆነ ከላይ ያሉት አራት ካሜራዎች አንድ ቀን ሳይሞላ ይሞሉታል፤ ኮምፒውተሩም ይቆማል፣ ባለቤቱ ደግሞ የአሮጌው ቀረጻ ሁሉ ጠፋ ብሎ ይደነግጣል። መፍትሔው ዲስኩ መያያዙ ሳይረጋገጥ ሶፍትዌሩ እንዳይነሣ ማድረግ ነው።

ሰዓቱ ሌላው ነው። ኢንተርኔት የማያገኝ ካሜራ መብራት ሲጠፋበት ሰዓቱን ሊረሳ ስለሚችል፣ ሁሉም ካሜራዎች ሰዓታቸውን ከመቅጃው ኮምፒውተር እንዲወስዱ ማዋቀር ይሻላል። የሰዓት ክልሉ አዲስ አበባ ተብሎ ካልተመረጠ የቀረጻው ሰዓት በብዙ ሊሳሳት ይችላል። ይህ ተስተካክሎም ዘበኛው «ማክሰኞ ሌሊት፣ ለረቡዕ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ድምፅ ሰማሁ» ሲል፣ በመቅጃው ውስጥ የሚፈለገው በረቡዕ ቀን 02:00 ላይ ነው። በማክሰኞ 20:00 ላይ የፈለገ ሰው የሚያገኘው የምሽቱን 2 ሰዓት ነው።

ከአዲስ አበባ ሆኖ የጅማውን መጋዘን ማየት የሚፈልግ ሰው የካሜራውን የኔትወርክ በር (ፖርት) በራውተሩ በኩል ለኢንተርኔት መክፈት የለበትም፤ እንዲህ የተከፈቱ ካሜራዎች በማያውቋቸው ሰዎች በፍጥነት ይገኛሉ። ዋየርጋርድን የመሰለ ቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ የተዘጋ የግል መተላለፊያ የሚፈጥር ፕሮግራም) ተጭኖ ስልኩ በእርሱ በኩል ይግባ፤ ካሜራዎቹ ራሳቸውም ወደ ኢንተርኔት እንዳይወጡ ይከልከሉ።

ተከላው አለቀ የሚባለው ካለፈው ሌሊት አሥር ደቂቃ ያህል ተመርጦ፣ በፍላሽ ወጥቶ፣ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ ቀኑ፣ ሰዓቱና የሚያልፈው ሰው ፊት በትክክል ሲታይ ነው። መብራት ሄዶ በተመለሰ ቁጥርም ይኸው ፍተሻ ይደገማል።