የረር በጉም ሲከበብ፦ ስለ ነፍሳትና ስለ ደሴቶች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የምንኖረው ለገጣፎ አቅጣጫ ነው፤ ኮንዶሚኒየሙ አልቆ የጤፍ ማሳው የሚጀምርበት። በነሐሴ ጠዋት ከአራተኛ ፎቅ በረንዳ ሲታይ ሜዳው በሙሉ ጉም ነው። ከላይ የሚቀረው የየረር ተራራ ጫፍ ብቻ ነው። ባሕር አይቶ የማያውቅ ሰው እንኳ «ደሴት ይመስላል» ይላል።

ባለፈው እሁድ ቡና ተፈልቶ ይህንኑ ስናወራ የጎረቤት ልጅ መጣ። ከጋራው ያገኛትን ጥቁር ጥንዚዛ በክብሪት ቀፎ ይዟል። «ይቺ ከየት መጣች?» አለን። አቦል ሳያልቅ ወሬው ከጥንዚዛ ወደ ደሴት፣ ከደሴት ወደ አዲስ ዝርያ ሄደ። ሁሉም መልስ ነበረው። አብዛኛው ስህተት ነበር፣ የእኔም ጭምር። ቤት ገብቼ ካጣራሁ በኋላ እነሆ።

«ባሕር የሚሻገረው ጠንካራ ክንፍ ያለው ነው»

ይህን ያሉት ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ጡረተኛ ጎረቤታችን ናቸው። ነገሩ እውነት ይመስላል። ግን የበሰለ ሙዝ ላይ የምትዞረውን ያቺን ትንሽ ዝንብ አስቡ። ዘመዶቿ ፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል ያሉት የሃዋይ ደሴቶች ደርሰዋል። ሃዋይ ከቅርቡ አህጉር ወደ 3,800 ኪሎ ሜትር ይርቃል።

እንዲህ ያለ ፍጥረት በራሱ ጉልበት አይሻገርም። ይወሰዳል። ወይ ማዕበል ያነሳዋል፣ ወይ ጎርፍ በጣለው ግንድ ላይ ይንሳፈፋል፣ ወይ እንቁላሉ ከቅጠል ጋር ይሄዳል። የክረምቱ መጀመሪያ ዝናብ እንደጣለ መብራት የሚከበውን አሸን አይታችኋል። የት እንደሚያርፍ የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ ንፋሱ ነው። ከሺው አብዛኛው የዶሮ ቀለብ ይሆናል። ባሕር ላይ ደግሞ የዓሣ። ነገር ግን በሚሊዮን ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ቢሳካ በቂ ነው።

የሃዋይ ዝንቦች ጉዳይ እንዲህ ነው። ከ25 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የደረሰ አንድ ወይም በጣም ጥቂት ዘር ዛሬ ወደ 1,000 የሚጠጉ ዝርያዎች ወልዷል። የደሴቶቹን ነባር ነፍሳት በሙሉ ብንቆጥር ከ5,000 በላይ ዝርያ ይሆናሉ። የሁሉም ምንጭ ግን ከ350 እስከ 400 የሚሆኑ መጤዎች ናቸው ተብሎ ይገመታል። ደግሞ ያልደረሰም አለ። ሃዋይ ነባር ጉንዳን የላትም፤ አሁን ያሉት ሰው ያመጣቸው ናቸው።

«ብዙ የሚጓዝ ብዙ ዝርያ ያወጣል»

ይህ የእኔ ስህተት ነበር። እውነታው ተቃራኒው ነው፤ ለእኔ የነገሩ ሁሉ ቁልፍም እዚህ ጋ ያለ ይመስለኛል።

የበረሃ አንበጣን ውሰዱ። ከእሱ የባሰ ተጓዥ የት ይገኛል? ግን ከሞሪታንያ እስከ ህንድ ያው አንበጣ ነው። ሰሃራን እያቋረጠች በአፍሪካና በአውሮፓ መካከል የምትመላለስ ብርቱካንማ ቢራቢሮም አለች፤ እዚያም እዚህም አንድ ዝርያ ናት። ለምን? ስለሚገናኙ ነዋ። ወንዝ ማዶ ያለ ዘመድ በየጊዜው ከተጠያየቀና ከተጋባ ያው ዘመድ ሆኖ ይቀራል። ወንዙን ተሻግሮ ሄዶ ድምፁ የጠፋ ዘመድ ግን ከብዙ ትውልድ በኋላ ሲገናኝ አይተዋወቅም።

ስለዚህ አዲስ ዝርያ የሚወጣው በመካከል ነው። ርቀቱ ጨርሶ የማይታለፍ ከሆነ የሚደርስ የለም። በየዓመቱ የሚታለፍ ከሆነ ደም ይቀላቀላል። በስንት ዘመን አንዴ የሚታለፍ ሲሆን ነው የሄደው የራሱን መንገድ የሚይዘው። የደረሱት ጥቂት መሆናቸውም ለውጡን ያፋጥነዋል። አሥር ሰው ያለበት ቤተሰብ ውስጥ አንድ ስድስት ጣት ያለው ሰው ቢኖር፣ ከዘሮቹ ብዙዎቹ ያን ጣት ሊወርሱ ይችላሉ። አንድ ከተማ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ማን ያስተውለው ነበር?

«ከደረሰ ኖረ ማለት ነው»

አይደለም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1988 የበረሃ አንበጣ ከምዕራብ አፍሪካ ተነስቶ አትላንቲክን አቋርጦ ካሪቢያን ደሴቶች ላይ አርፏል። ወደ 5,000 ኪሎ ሜትር! ግን እዚያ አልሰነበተም።

ኢንዶኔዥያ ውስጥ ያለው ክራካታው የተባለ እሳተ ገሞራ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1883 ፈንድቶ ደሴቱ በአመድ ሲቀበር፣ ከዘጠኝ ወር በኋላ የሄዱ ፈረንሳውያን በሕይወት ያገኙት አንዲት ሚጢጢ ሸረሪት ብቻ ነበር። ድሯን ትሠራለች። (ሸረሪት ነፍሳት ውስጥ አትመደብም፣ አውቃለሁ፤ ስምንት እግር አላት።) ምን ልትይዝበት እንደሆነ እንጃ። ኋላ ግን ደሴቱ በደንና በነፍሳት ተሞልቷል።

«ዝርያው በዕድሜ ከደሴቱ ሊበልጥ አይችልም»

ያጣራሁትን ስነግራቸው ጋሼ እዚህ ላይ ያዙኝ። «ዝንቦቹ 25 ሚሊዮን ዓመት አልክ። ካዋይ የምትባለው ደሴት ስንት ዓመቷ ነው?» አሉ። ስልኬን አየሁ። አምስት ሚሊዮን ገደማ። ዛሬ ሰው ከሚኖርባቸው የሃዋይ ትላልቅ ደሴቶች ሽማግሌዋ እሷ ናት። ትልቋ ደሴት ደግሞ አንድ ሚሊዮን እንኳ አልሞላትም። «እና ዝንቦቹ ሃያ ሚሊዮን ዓመት የት ቆሙ?»

ጥያቄው ጥሩ ነው። መልሱ ከባሕሩ ሥር ነው። ከመሬት ሆድ የሚወጣው የቀለጠ አለት ቦታው ብዙም አይነቃነቅም። በላዩ ያለው የምድር ቅርፊት ግን ወደ ሰሜን ምዕራብ ይንሸራተታል። አንድ ደሴት ይወለዳል፣ ይገፋል፣ ይሸረሸራል፣ ይሰምጣል። ከኋላው ሌላ ይወለዳል። ዝንቦቹ መጀመሪያ ያረፉባቸው ደሴቶች ዛሬ ውሃ ውስጥ ናቸው። ቤቱ ሳይፈርስ ጥቂቶቹ ወደ አዲሱ ቤት ይሻገራሉ፤ እዚያም ሌላ ዝርያ ይሆናሉ። ትልቋ ደሴት ላይ ብቻ የሚኖር አንድ ዝንብ አለ። የወንዱ ጭንቅላት እንደ መዶሻ ወደ ጎንና ወደ ጎን የተለጠጠ ነው። ይህ ሁሉ የሆነው አንድ ሚሊዮን ዓመት ባልሞላው መሬት ላይ ነው።

«አዲስ ዝርያ ማለት መልኩ የተለየ ነው»

ሁልጊዜ አይደለም። እዚያው ሃዋይ፣ ሌሊት ጭር ጭር የሚሉ የፌንጣ ዘመዶች አሉ፤ ላውፓላ ይባላሉ። 38 ዝርያ ናቸው። አጠገብ ለአጠገብ ብታስቀምጧቸው አትለዩአቸውም። የሚለያቸው ዜማቸው ነው። አንዱ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ ሌላው ዝግ ይላል፤ ሴቷ የምትሄደው የራሷ ወገን ወዳለው ምት ነው።

የኛ ንብ ደግሞ በተቃራኒው ናት። የኢትዮጵያ ደጋ ንብ ከጎረቤቶቿ ተለይታ የራሷ ስም የወጣላት እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ግን ንዑስ ዝርያ ናት እንጂ ሌላ ዝርያ አይደለችም።

«ንፋሱ ሲያስቸግረው ክንፉን ጣለ»

ዳርዊን ራሱ በዚህ ነገር ተገርሟል። ማዴራ በምትባል የአትላንቲክ ደሴት ከሚታወቁት 550 የጥንዚዛ ዝርያዎች ወደ 200 የሚሆኑት መብረር አይችሉም ነበር። ንፋሱ በራሪውን ወደ ባሕር ይወስደዋል፣ የማይበረው ይቀራል አለ። ክንፍና የክንፍ ጡንቻ ማብቀል ብዙ ጉልበት ይፈጃል፤ ያን የቆጠበው ለእንቁላል ያውለዋል የሚልም ተጨምሯል። በሁለቱም መንገድ ግን ማንም ጥንዚዛ «ክንፍ ይቅርብኝ» አላለም። ክንፉ አጠር ብሎ የተወለደው ብዙ ልጅ ተወ፣ በቃ። አሸን ክንፉን ይጥላል፤ ልጆቹ ግን ባለ ክንፍ ሆነው ነው የሚመጡት።

«ሚሊዮን ዓመት ይፈጃል» የሚሉትም ሁሌ ልክ አይደሉም። ካዋይ ላይ ሌሎች ጭር ጭር የሚሉ የፌንጣ ዘመዶች አሉ፤ በዘፈናቸው ድምፅ እየተመራች መጥታ ትሎቿን የምትጥልባቸው ዝንብ አለች። በሃያ ትውልድ ገደማ አብዛኞቹ ወንዶች ዝም አሉ፤ ክንፋቸው ድምፅ የማያወጣ ሆነ። አዲስ ዝርያ አልሆኑም። ለውጡ ግን በሰው ዕድሜ የታየ ነው።

«ባሕር በሌለበት ደሴት የለም»

ወደ በረንዳችን እንመለስ። ብርድና እርጥብ ሣር ለሚወድ ፍጥረት በየረርና በወጨጫ ተራሮች መካከል ያለው ሞቃት ሜዳ ባሕሩ ነው። ስምጥ ሸለቆ ደግሞ ውቅያኖስ። በበረዶ ዘመን ቅዝቃዜው ወደ ታች ሲወርድ የደጋው እፅዋትም አብሮ ይወርዳል፤ ያኔ ደሴቶቹ ይቀራረባሉ። ሲሞቅ ይራራቃሉ። እንግዲህ በስንት ዘመን አንዴ ማለት ይህ ነው።

ሂው ስኮት የሚባል እንግሊዛዊ የነፍሳት ተመራማሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1908 እና 1909 በሲሼልስ ደሴቶች ነፍሳት ሰብስቧል። በ1926 እና 1927 ደግሞ እኛ አገር መጥቶ ተራራ ለተራራ፣ ዝቋላንም ጨምሮ፣ ያንኑ ሥራ ሠርቷል። ከዚያ ወዲህ የኢትዮጵያን ተራሮች የፈተሹ ሰዎች ከሩዝ ፍሬ የማይበልጡ፣ ክንፍ የሌላቸው፣ ትሬኩስ የሚባሉ ጥንዚዛዎች በብዛት አግኝተዋል። አንዳንዱ ዝርያ የሚታወቀው ከአንድ ተራራ ብቻ ነው። ስለዚህ የእነዚህ ነገር አድራሻቸው ነው። የተገኘችበት ተራራና ከፍታ ካልተጻፈ ጥንዚዛዋ ለሳይንስ ብዙም አትጠቅምም።

ለልጁ ይህን ነገርኩት። ቀፎውን ከፍቶ በጥንቃቄ አያት። የኛዋ ከሩዝ ፍሬ ትበልጣለች፤ ምን እንደሆነች አላወቅንም። «እመልሳታለሁ» አለና ወደ ጋራው ሮጠ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቀፎውን እንደያዘ ተመለሰ።

ከየትኛው ድንጋይ ሥር እንዳነሳት ጠፍቶበታል።