«ጠፋ» ሲባል ከየት ነው የጠፋው?

አጭር ፀጉር ስላለው ባምብልቢ (ባምብልቢ ወፍራምና ፀጉራም የንብ ዘመድ ነው) ደጋግማችሁ የምትጠይቁት ነገር አለ፦ «ይህ ባምብልቢ ከጠፋ እንዴት ተመልሶ መጣ ይባላል?»

«ጠፋ» ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንዱ ከምድር ገጽ ጨርሶ መጥፋት ነው፤ ከዚያ መመለስ የለም። ሌላው ከአንድ አገር ብቻ መጥፋት ነው።

ይህ ባምብልቢ ብሪታንያ ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1988 ደንጀነስ በሚባል ቦታ ነበር። በ2000 ከአገሪቱ ጠፍቷል ተባለ። ስዊድን ውስጥ ግን በሕይወት ነበር። ስለዚህ በ2012 ንግሥቶች ከዚያ መጥተው ደንጀነስ ላይ ተለቀቁ።

ንግሥት ማምጣት ብቻውን ግን አይበቃም፤ እኔን የሚያሳስበኝም ይሄ ነው። ጎጆዋን የምትሠራው ብዙ ጊዜ አይጥ ትቶት በሄደው ጉድጓድ ውስጥ ነው። የምታጠራቅመው ማር ከጥቂት ቀን አያልፍም። ጎጆው እስኪበተን ድረስ አበባ ሊቋረጥባት አይገባም። ቀይ ክሎቨር የሚባለው አበባማ ተክል የሞላበት ሜዳ ሲታረስ የምትበላው አጣች። ለዚህ ነው ንግሥቶቹ ከመለቀቃቸው በፊት ገበሬዎች አበባማ ሜዳ ያዘጋጁት።

እስከዚህ ያለው እርግጥ ነው። ስንት ዓመት ተፈልጎ ሲታጣ «ከአገር ጠፋ» እንደሚባል ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል።