የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ እና ባለስሙ

ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በአዲስ አበባ ከአራዳ ጊዮርጊስ በስተ ምዕራብ ወደ መርካቶ አቅጣጫ የሚገኝ የወንዝ ድልድይ ሲሆን፣ በዙሪያው ያለው ሰፈርም በዚሁ ስም ይጠራል። ከሥሩ የሚያልፈው ውኃ ከእንጦጦ ተራራ ወርዶ ከሌሎች ወንዞች ጋር እየተቀላቀለ በከተማዋ ደቡብ ዳርቻ አቃቂ ይደርሳል፤ ከዚያም በአባ ሳሙኤል ግድብ በኩል ወደ አዋሽ ይገባል። አካባቢው ዛሬ መሐል ከተማ ቢሆንም በባለስሙ ዘመን የከተማዋ ምዕራባዊ ዳርቻ ነበር።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር እንደ አሁኑ የተያያዘች ከተማ አልነበረችም። መኳንንቱ በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ዙሪያ በተሰጣቸው ቦታ ላይ ከነሠራዊታቸውና ከነቤተሰባቸው ሰፈሩ፤ በሰፈሮቹ መካከል ወንዝና ገደል ስለነበረ ክረምት ሲገባና ወንዙ ሲሞላ ሰው ከሰው፣ ገበያተኛውም ከአራዳ ገበያ ይቆራረጥ ነበር። የራስ መኮንን ድልድይም ሆነ ይህ ድልድይ በመኳንንት ስም መጠራታቸው ከዚህ የአሰፋፈር ሥርዓት ጋር የተያያዘ ነው።

ባለስሙ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፣ በፈረስ ስማቸው አባ መላ፣ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ በምትገኘው በጨቦ ተወለዱ። በብላቴናነታቸው በጦርነት ተማርከው ወደ ሸዋ ቤተ መንግሥት እንደመጡ ይነገራል፤ የወላጆቻቸውን ትውልድ በተመለከተ አንዳንዶች የኦሮሞን፣ ሌሎች የጉራጌንም ሐረግ ይጠቅሳሉ። በምርኮ የመጣ ልጅ በችሎታው ብቻ ከአገሪቱ ታላላቅ ባለሥልጣኖች አንዱ ለመሆን መብቃቱ በዘመኑ እጅግ ብርቅ ነገር ነበር።

በ1888 ዓ.ም. ፊታውራሪ ገበየሁ በዐድዋ ሲወድቁ ሹመቱ ለሀብተ ጊዮርጊስ ተሰጠ፤ የመሐል ሰፋሪው፣ ማለትም የንጉሠ ነገሥቱ ማዕከላዊ ጦር፣ አዛዥም ሆኑ። ብዙም ሳይቆይ ወደ ቦረና የተደረገውን ዘመቻ መርተው የግዛቱን ደቡባዊ ወሰን አሰፉ፤ ዘመቻው ለአካባቢው ሕዝብ የገባርነትን ሸክም ማስከተሉ አይካድም። ምኒልክ በጥቅምት 1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትርነቱን ያገኙት እርሳቸው ናቸው።

ምኒልክ በሕመም ከሥራ ከራቁ በኋላ በተከታታይ የመጡት የሥልጣን ቀውሶች ሁሉ ያለ እርሳቸው ምክር አልተፈቱም ማለት ይቻላል። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከመንግሥት ሥራ እንዲገለሉ ከወሰኑት መሪዎች መካከል ነበሩ። የምኒልክ የልጅ ልጅና ወራሽ ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ፣ ንግሥት ዘውዲቱ ሲነግሡና ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሲሆኑም ድምፃቸው ከባድ ነበር። የልጅ ኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ከወሎ ታላቅ ጦር ይዘው ሲገሠግሡ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ የማዘናጊያ ደብዳቤ እየላኩ ጦር እስኪሰበሰብ ጊዜ እንደገዙ ይነገራል። ጥቅምት 17 ቀን ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ በሰገሌ ሜዳ በተደረገው ጦርነት ንጉሥ ሚካኤል ተማረኩ፤ ዋና ከተማዋም ከውጊያ ዳነች። የዚህ ድል ባለውለታ ማን እንደሆነ ሲነሣ የአባ መላ ስም ከፊት መቀመጥ አለበት።

ከዚያ በኋላ ለአሥር ዓመት ያህል መንግሥቱ በንግሥቲቱ፣ በአልጋ ወራሹና በፊታውራሪው መካከል በተደረገ ሚዛን ቆመ። በ1910 ዓ.ም. መሐል ሰፋሪው አድሞ ሚኒስትሮቹ ሁሉ ሲሻሩ በቦታቸው የቀሩት እርሳቸው ብቻ ነበሩ። በርካታ ጸሐፊዎች የለውጥ ተቃዋሚ ወግ አጥባቂ ይሏቸዋል፤ ነገር ግን በጥንቃቄያቸው አገሪቱን ከእርስ በርስ ጦርነት የጠበቁ ሰው መሆናቸውን ያላገናዘበ ፍርድ ጎዶሎ ነው። በታኅሣሥ 1919 ዓ.ም.፣ የቤተ ክርስቲያኒቱ ሊቀ ጳጳስ አቡነ ማቴዎስ ባረፉ በቀናት ውስጥ፣ እርሳቸውም አረፉ። ራስ ተፈሪም ወዲያው የሟቹን ፊታውራሪ ጦርና ርስት በእጃቸው አስገቡ፤ የሥልጣኑ ሚዛንም ወደ አልጋ ወራሹ አደላ።

በጣሊያን ወረራ ዘመን የአራዳ ገበያ ወደ ምዕራብ ተዛውሮ መርካቶ ሲመሠረት፣ የቀድሞው ዳርቻ በሁለት የንግድ ማዕከሎች መካከል ወደቀ። በኋላም በድልድዩ አቅራቢያ አትክልት ተራ ከየገጠሩ የሚመጣ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ድንች የሚራገፍበት የከተማዋ ዋና የጅምላ ገበያ ሆነ። የኮሮና ወረርሽኝ በገባበት በ2012 ዓ.ም. ይህ ገበያ መጨናነቅን ለመቀነስ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ፤ ቀጥሎም በደቡብ ምዕራብ የከተማዋ ዳርቻ ወዳለው ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ሄደ።