ቅዠት ለብቻው የማይቆጠረው ለምንድን ነው? የቪኤ ሕግ ሲብራራ

በአሜሪካ ጦር ያገለገሉ ሰዎች፣ የእኛም ልጆች ጭምር፣ ለቪኤ (የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት) የጉዳት ካሳ ሲያመለክቱ አንድ ነገር ግራ ያጋባቸዋል። አንዱ የእንቅልፍ ችግር ለብቻው ይቆጠራል፣ ሌላው አይቆጠርም።

ቅዠትና እንቅልፍ ማጣት ብዙውን ጊዜ የፒቲኤስዲ ምልክቶች ናቸው። ፒቲኤስዲ ከጦርነት ወይም ከሌላ አሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ሕመም ነው። ስለዚህ ቪኤ የፒቲኤስዲውን ክብደት በሚለካበት መቶኛ ውስጥ ይካተታሉ። አንድን ምልክት ሁለት ጊዜ መቁጠር ክልክል ነው። ቢሆንም ሌሊቱ እንዴት እንደሚያልፍ በዝርዝር ይነገር፤ መቶኛውን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። "ወንድ ልጅ አይፈራም" ብሎ መደበቅ እዚህ ቦታ በጣም ይጎዳል።

ስሊፕ አፕኒያ ግን ሌላ ነው። ሰው ተኝቶ ሳለ ትንፋሹ ደጋግሞ ይቋረጣል። ራሱን የቻለ በሽታ ስለሆነ ለብቻው ይመዘናል። በውትድርና ጊዜ ባይጀምርም፣ ከውትድርና ጋር የተያያዘ ነው ተብሎ ቀድሞ የተፈቀደው ፒቲኤስዲ እንዳመጣው ወይም እንዳባሰው ከታየ ሊፈቀድ ይችላል። ለዚህ የእንቅልፍ ምርመራ ውጤትና ግንኙነቱን ከነምክንያቱ የሚያብራራ የሐኪም አስተያየት ያስፈልጋል። ሐኪሙ መቶ በመቶ እርግጠኛ እንዲሆን አይጠበቅም። ዕድሉ ቢያንስ እኩል በእኩል ነው ካለ ይበቃል። "ሊሆን ይችላል" የምትል አንዲት መስመር ግን አታስኬድም።

መቶኛዎቹም እንደ ተራ ሂሳብ አይደመሩም። 50 እና 30 በመቶ የተሰጠው ሰው 80 አያገኝም። 30 በመቶው የሚሰላው ከቀሪው 50 ላይ ነው፤ 15 ይሆናል። ድምሩ 65 ነው፣ ወደ 70 ይጠጋጋል።