ዕድሜና የውስጥ ጆሮ ምላሽ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ጤነኛ የውስጥ ጆሮ ድምፅ ሲገባለት እሱም በጣም ደካማ ድምፅ ይመልሳል። ይህን ምላሽ የሚያወጡት በኮክሊያ (የውስጥ ጆሮው ጥምዝ የመስሚያ ክፍል) ውስጥ ያሉት የውጨኛው ረድፍ ፀጉራም ሕዋሳት ናቸው። ተመራማሪው ዴቪድ ኬምፕ በ1978 እ.ኤ.አ. ይህን ካሳወቁ ወዲህ ይህን ምላሽ የሚለካው ምርመራ ኦኤኢ (ጆሮ የሚያወጣው ድምፅ ማለት ነው) እየተባለ ይሠራበታል። ውጤቱ ያለ ዕድሜ አይነበብም።

«ልጁ እስኪናገር ይጠበቅ።»
ምርመራው ከልጁ መልስ አይጠይቅም። ለስላሳ ጫፍ ያለው መሣሪያ ጆሮው ውስጥ ገብቶ ድምፅ ያሰማል፤ የሚመለሰውን ደግሞ በማይክሮፎን ይለካል። ጠብቶ የተኛ ሕፃን ይመረጣል፤ ለቅሶም ሆነ መጥባት ምላሹን ይሸፍነዋል። የመጀመሪያው የመስማት ማጣሪያ እስከ 1 ወር፣ ማጣሪያውን ላላለፈ ሕፃን የተሟላው ምርመራ እስከ 3 ወር ሊደረግ፣ የመስማት ችግር ለተገኘበት ደግሞ ድጋፉ እስከ 6 ወር ሊጀመር ይገባል።

«የአራስና የአዋቂ ውጤት እኩል መሆን አለበት።»
የአራስ ምላሽ ይበልጣል፤ ልዩነቱ 10 ዲሲቤል ገደማ ሊደርስ ይችላል። አንዱ ምክንያት የጆሮው ቀዳዳ ጠባብ መሆኑ ነው፤ ያው ድምፅ በጠባብ ቦታ ጎልቶ ይለካል። ልጁ ሲያድግ መጠኑ ትንሽ ቢወርድ ሕመም አይደለም።

«ምላሽ አልመጣም ማለት ልጁ አይሰማም ማለት ነው።»
ድምፁ መካከለኛውን ጆሮ ሁለት ጊዜ ያቋርጣል፤ ሲገባም ሲወጣም። በተወለደ በመጀመሪያዎቹ 24 እስከ 48 ሰዓታት የልደት ቅባትና ፈሳሽ መንገዱን ሊዘጋ ስለሚችል ምርመራው ይደገማል። ከፍ ባሉት ልጆች ላይ ዋናው እንቅፋት ጉንፋን ነው። ከደሴ በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ከፍታው በ600 ሜትር ገደማ ይቀንሳል። ጉንፋን የያዘው ልጅ ጆሮ ግፊቱን ካላስተካከለ ታምቡሩ ወደ ውስጥ ይሳባል፤ በተለይ የወፍራም ድምፆች ምላሽ ያንሳል። ስለዚህ ከመኪና እንደወረዱ አይመርመር። ሕፃኑ ይጥባ፣ ትልቁ ልጅ ውኃ ይጠጣ፣ ከዚያ ይለካ። አሁንም ካልመጣ የታምቡሩን እንቅስቃሴ በግፊትና በድምፅ የሚለካው የታምቡር ምርመራ ይሠራ፤ ከ6 ወር በታች ላሉት የሚሰጠው ድምፅ 1,000 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ) ነው፣ ለትልልቆች የሚያገለግለው 226 ኸርዝ በዚህ ዕድሜ ያሳስታል።

«ሸምግለዋል፣ ምላሹ ቢጠፋ ምን ይገርማል?»
ይህ አባባል ብዙ ሰው ከሕክምና ያስቀራል። ዕድሜ ምላሹን የሚያደክመው ቀስ በቀስ፣ ከቀጭን ድምፆች ጀምሮ ነው። ወፍራሙም ቀጭኑም አንድ ላይ ከጠፋ ዕድሜን ከመውቀስ በፊት ኩክ፣ ከታምቡር ጀርባ ያለ ፈሳሽና የመሣሪያው ጫፍ መላላት ይታይ። ጩኸትና እንደ ጄንታማይሲን ያሉ መድኃኒቶችም እነዚያኑ ሕዋሳት ይጎዳሉ። በኮምቦልቻ ፋብሪካ በሽመና ማሽን አጠገብ የሚውል የ35 ዓመት ሠራተኛ ምላሽ በ4,000 ኸርዝ አካባቢ ከወረደ «ገና ወጣት ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም።

«ምላሽ ከመጣ ሙሉ ለሙሉ ይሰማል።»
ኦኤኢ ነርቩን አያይም። ነርቩ ከተጎዳ ምላሹ እየመጣ ልጁ ላይሰማ ይችላል። ያለ ጊዜው የተወለደ ወይም ቢጫነቱ ደም እስከማስለወጥ የደረሰ ሕፃን በኦኤኢ ብቻ አይሰናበት፤ የነርቩንና የአንጎል ግንዱን ምላሽ የሚለካው ኤቢአር ይታከልለት።