«ተመዝግቧል» ማለት «ተፈቅዷል» ማለት አይደለም

በስቴም ሴል (ወደ ሌላ ዓይነት ሴል መለወጥ በሚችል ሴል) የሚያክም ክሊኒክ «ሕክምናችን በአሜሪካ መንግሥት የክሊኒካል ሙከራዎች መዝገብ ላይ አለ» ሲል ብዙ ሕመምተኛ ልቡ ያርፋል። መረጃውን እዚያ የሚያስገባው ግን ሙከራውን የሚመራው ወገን ራሱ ነው። መንግሥት አጽድቆታል ማለት አይደለም።

ለምሳሌ በአሜሪካ ፍሎሪዳ እንዲህ ባለ ክሊኒክ ሦስት ሴቶች ከስባቸው የተወሰደ ሴል በአንድ ቀን ሁለቱም ዓይኖቻቸው ውስጥ ተወጉ። እያንዳንዳቸው 5,000 ዶላር ከፍለዋል። እይታቸው ክፉኛ ተጎዳ። ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ2017 በሕክምና መጽሔት ወጣ። ሁለቱንም ዓይን በአንዴ! አንዱን ሞክሮ ውጤቱን ማየት ስንት ነገር ያተርፍ ነበር።

ፈቃድ የሚሰጠው የመድኃኒት ተቆጣጣሪው ነው፤ እሱም ለተወሰነ በሽታ ብቻ። ስለዚህ «ለእኔ በሽታ ማን ፈቀደው? ችግር ቢመጣ ማን ይከታተለኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ከዚያም ከክሊኒኩ ጋር ጥቅም ለማይጋራ ሐኪም አሳዩት።